በአሶሳ ሙቀት ብርድ ልብስ የለበሰው ሰውዬ

ወገቡን በአንድ እጁ ደግፎ ይህን የሚያነብ ሰው ካለ መጀመሪያ ይቀመጥ። ከዚያ ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። የጀርባ ሕመሙ ከወር አልፏል? ማታ ማታ ልብሱ እስኪርስ ያልበዋል? ሱሪው ያለ ቀበቶ አልቆም ብሏል? ሦስቱንም "አዎ" ካለ ይህን ጽሑፍ አጥፎ ኪሱ ይክተትና ሆስፒታል ይሂድ፤ ወረፋ ሲጠብቅ ያነበዋል፣ ጊዜም ይተርፈዋል። እኔ ሦስቱንም "አዎ" እያልኩ ስምንት ወር ከክሊኒክ ክሊኒክ ዞሬ መጨረሻ ላይ እግሮቼን አጣሁ። ዛሬ የምቀልደው ስላገኘኋቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሳላገኛቸውም ቀልጃለሁ።

ሙሄ እባላለሁ። ወላጆቼ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ሲመጡ እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ሥራዬ ግድግዳ ነው። አሶሳ ውስጥ የፀጉር ቤት ጭንቅላት፣ የሥጋ ቤት በሬ፣ ወይም በአጎበር የተከለከለች የወባ ትንኝ ካያችሁ የእኔን እጅ አይታችኋል። በሬዎቼ እውነተኛ ከመምሰላቸው የተነሳ አንድ ኮርማ የግድግዳውን በሬ ሊወጋ ሄዶ ቀንዱን ሰብሯል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ግን ስናገረው እስካሁን የተቃወመኝም የለም።

ሕመሙ የጀመረኝ መሰላል ላይ ነው። ጀርባዬ መሀል ላይ አንድ ሰው በጣቱ ጫን የሚያደርገኝ ይመስለኝ ጀመር። የቀለም ባልዲው ነው አልኩ። ማታ ማታ ላብ መጣ፤ አሶሳ ውስጥ የማያልበው ማን አለ ብዬ ናቅኩት። ቀጥሎ ሱሪዬ ሰፋ። ባለቤቴ ሉባባ፣ "ሱሪው ነው የሚያድግ አንተ ነህ የምታንስ?" ስትለኝ፣ "ስፖርት ጀምሬ ነው" አልኳት። ከተወለድኩ ጀምሮ የሠራሁት ስፖርት ከውሻ መሸሽ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ አለኝ። ሁለተኛው ታይፎይድና ታይፈስ። ሁለቱን ሳይታቀፍ ከክሊኒክ የወጣ ሰው ካለ ይምጣ፣ ስሙን በነፃ ግድግዳ ላይ እጽፍለታለሁ። ሦስተኛው "ኩላሊት ነው፣ ውኃ ጠጣ" አለኝ፤ ጠጣሁ፤ ግድቡ የሞላው ከእኔ በተረፈው ነው። አራተኛው "ነርቭ" ብሎ የማስታገሻ መርፌ ጀመረልኝ። መርፌው ሲሠራ ሁለት ቀን እሠራለሁ፣ ሲለቀኝ ሦስት ቀን እተኛለሁ። በመጨረሻ ዘመድ ተሰብስቦ ወጌሻ አመጣልኝ። ወጌሻው "አጥንትህ ቦታውን ለቋል" አለና ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ። ያን ቀን የጮኽኩት ጩኸት አባይን ተሻግሮ ማንቡክ ተሰምቷል፤ እዚያ ያሉ ሰዎች "ማን ነው የሚታረድ?" ብለው ወጥተው ነበር አሉ። እዚህ ላይ ግን አልቀልድም፦ ምክንያቱ ያልታወቀ የጀርባ ሕመም አታስረግጡ። የእኔ እግር ከዚያ በኋላ ነው መፍዘዝ የጀመረው።

አንድ ጠዋት የቀርከሃ መወጣጫዬ ላይ ሦስተኛው እርከን ስደርስ እግሬን "ከፍ በል" አልኩት። አልሰማኝም። ሁለተኛውንም አዘዝኩት። እሱም ከወንድሙ ጋር ተማክሯል። ሰዎች እንደ ማንጎ አወረዱኝ።

የአሶሳ ሐኪሞች አንዴ መታ መታ አድርገው አዩኝና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። ሞተር ሳይክሌ ለጉዞው ተሸጠች፤ ነፍሷን ይማር። እዚያ ኤም.አር.አይ የሚባል፣ ሰው ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ውስጡን የሚያይ መሣሪያ አነሳኝ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ዶክተር ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችኝ።

"ቲቢ ነው፣ የአከርካሪ ቲቢ" አለችኝ።

"ዶክተር፣ እኔ እኮ አላስልም።"

"ይሄ አያስልም። ቲቢ የሳንባ ብቻ አይደለም። አጥንትዎን እየበላ ነበር፤ እዚያ ያበጠው ነገር ወደ እግርዎ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል።"

"እግሬስ?"

"መድኃኒቱን አሥራ ሁለት ወር፣ አንድም ቀን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። አንድም ቀን። ብዙ ሰው ይመለስለታል፤ ለእርስዎ ግን ዛሬ ቃል አልገባልዎትም። እስከዚያው ዊልቸር ይጠቀማሉ።"

ቲቢ ስትለኝ አልደነገጥኩም፤ ዊልቸር ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ አንድ ግድግዳ ላሳያችሁ።

ከዓመታት በፊት ከቤቴ ብዙ የማይርቅ ጤና ጣቢያ ሥዕል አዞኝ ነበር። ሕመምተኞች ወረፋ የሚጠብቁበት በረንዳ ላይ ሁለት አግዳሚ አለ፤ ከአግዳሚው ፊት ለፊት ሰፊ ባዶ ግድግዳ። "አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም" ብለህ ጻፍበትና ሥዕል ጨምርበት አሉኝ። ጽሑፉን ጻፍኩ፤ ፊደሎቼ ከካማሺ ይነበባሉ። ችግሩ ሥዕሉ ነበር። ዊልቸር ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ከድሮ ካላንደር ላይ የጥፍር ያህል ፎቶ አገኘሁ፤ እኛ ግድግዳ ሠዓሊዎች እንደምናደርገው ፎቶው ላይ በእርሳስ፣ ግድግዳው ላይ ከሰል በተቀባ ገመድ ካሬ ካሬ አስምሬ ገለበጥኩ። ያልታየኝን ከራሴ ሞላሁ። ጎማዎቹን ከሳይክል ወሰድኩ። የታጠፈ ጉልበትና እግር መሳል ደግሞ አልችልም፤ የቆመ ሰው ነው የማውቀው። ምን አደረግኩ? ከወገቡ በታች አበባ ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩበት። አንገቱን ደፋ አደረግኩት፣ እንዲያሳዝን። ከኋላው የምትገፋ ሴት ጨመርኩ፣ ጉንጯ ላይ ሁለት ዘለላ እንባ። ለሴትዮዋ ሉባባን ቤት አቁሜ ነበር የሣልኳት። "አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም" ከሚለው ሥር ምንም የማይችል ሰውዬ ተቀመጠ። ሁሉም ወደደው። ባምባሲም አሠሩኝ፣ ሌላም ቦታ አሠሩኝ፤ ያው ሰውዬ፣ ያው ብርድ ልብስ።

እና ዶክተሯ "ዊልቸር" ስትለኝ ያየሁት እሱን ሰውዬ ነው። ከተቀመጥኩ ብርድ ልብሱ ጭምር የሚመጣብኝ መሰለኝ።

የቲቢ መድኃኒት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄደህ ባለሙያ ፊት ነው የምትውጠው፤ እንዳታጭበረብር። መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ መንግሥትን እግዜር ይስጠው። ጤና ጣቢያው ግን የትኛው ይሁን? ያው ነው። በየቀኑ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ከብብቴ እስከ ወገቤ በሚያጣብቅ የጀርባ ቀበቶ ታስሬ፣ ከእጄ ሥራ ጋር መፋጠጥ ተፈረደብኝ። መጽናኛዬ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ክኒኑ ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። ሃያ ዓመት ቀለም ስቀላቅል ያላገኘሁትን ብርቱካናማ ያለ ድካም አገኘሁት።

አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ያገለገለ ዊልቸር ሰጠኝ። እኔ በር ኋላ አስቀምጬ አንሶላ አለበስኩት። ጠዋት ጠዋት ሉባባና አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንዳቸው ብብቴን አንዳቸው ጉልበቴን ይዘው ባጃጅ ላይ ይጭኑኛል፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያወርዱኛል፤ ተሸክመው አግዳሚው ላይ ያኖሩኛል። የዘጠና ኪሎ ከረጢት ነበርኩ በሉት፤ በሽታው ቢያከሳኝም ግትርነቴ ይመዝናል።

እዚያ ነው ሲቲናን ያወቅኳት። ሲቲና የበርታ ተወላጅ ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ። በልጅነቷ ፖሊዮ እግሯን ይዟታል። በዊልቸሯ ላይ ሆና ጤና ጣቢያው በር ላይ ካርካዴ፣ ያንን ቀዩን የሻይ አበባ፣ ትሸጣለች፣ በወራቱ ደግሞ ማንጎ። ፀሐይ ሲበረታ እቃዋን በር ላይ ትታ በረንዳው ጥላ ሥር ትገባለች። ሦስተኛው ቀን ላይ አጠገቤ ቆመች።

"አንተ፣ በየቀኑ ምን ታያለህ?"

"ሥዕሉን።"

"ይሄ ሥዕል አይደለም። ይሄ ሐሜት ነው።"

"ምን አጠፋ?"

"ብርድ ልብሱን እየው። በሚያዝያ፣ በአሶሳ። እኔ ሠላሳ ዓመት ዊልቸር ላይ ነኝ፣ አንድ ቀን ብርድ ልብስ አልለበስኩም።"

"ምናልባት በሽታው ያበርደው ይሆናል" አልኳት፣ ለሠዓሊው እየተሟገትኩ።

"በሽታው ሠዓሊው ነው። ወንበሩ ስንት ጎማ አለው? ሁለት። ፊት ያለው ትንንሹ ጎማ የታለ? ሴትዮዋ ከለቀቀችው በአፍንጫው ይወድቃል።" የራሷን ጎማ መታ መታ አደረገች፤ ከጎማው ውጭ እጇ የሚይዘው የብረት ቀለበት አለ። "ይሄስ? በዚህ ነው እኔ የምሄደው። ለሱ አልሰጠውም። በምን ይሄዳል? በዱዓ?"

ሃያ ዓመት ብሩሽ ይዤ አንድም ሰው እንዲህ አላረመኝም። ሉባባ ከጎኔ ሆና ጣሪያውን ታያለች፤ ሳቋን የምታፍነው እንደዚያ ነው።

"ወላሂ፣ ይሄ ግድግዳ ጉዳት አደረሰብኝ" ብላ ቀጠለች ሲቲና። "አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መጣ። ጥሩ ሰውዬ ነው፣ ጫማው ያበራል። ሳይጠይቀኝ ከኋላ ያዘኝ፣ ገፋኝ። ቁም እላለሁ፣ አይዞሽ ይላል። ቁም እላለሁ፣ እግዜር ይማርሽ ይላል። መርፌ ክፍል አስገባኝ።"

"ወጉሽ?"

"ነርሱ ስለሚያውቀኝ ተረፍኩ። ስመለስ ካርካዴውን ፍየል በልቶታል። ማን አስተማረው ይሄን ሰውዬ? ግድግዳው ነው። ከኋላ ካልገፉት የማይሄድ ነው ብሎ በቀለም ጽፏል።"

ሳቅኩ፤ የዚያ የፍየል ነገር ያስቃል። ግን ሳቄ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ፊርማዬ ከግድግዳው ቀኝ ታችኛው ጥግ ነበር፤ "ሙሄ አርት" ከነስልክ ቁጥሩ። አንድ ክምር ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ሸፍኖታል። ካርቶን ለፈጠረ አምላክ ምስጋና አቀረብኩ።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። እኔ በሰው ሸክም እመጣለሁ፣ ሲቲና ሠዓሊውን ትሰድባለች፣ እኔ "ልክ ነሽ፣ ከንቱ ሰው ነው" እላለሁ። ቤት ግን ቀልዱ እያለቀ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመተኛቴ የተነሳ ጀርባዬ ላይ ቁስል ሊወጣ ቀላ። ሥራ ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች ተኝቼ ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እግዜር ይማርህ" ብለው ይመለሳሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሉባባ ብብቴን ይዛ ስታነሳኝ ወገቧ ቀጭ አለ። ተቀምጣ ቀረች። ሹፌሩ ብቻውን አልቻለኝም። ያን ጠዋት ክኒኔን ሳልውጥ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ሲስተር ስልክ ደወለች። "ጋሽ ሙሄ፣ መቅረት አይቻልም ብዬዎት ነበር። ሲቋረጥ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ እግር ብቻ አይደለም የምንለምነው" አለችኝ። በመጨረሻ ክኒኑን በሰው ላከችልኝና እሱ ፊት ዋጥኩት። "ነገ ግን ራስዎ ይመጣሉ" አለች።

ስልኩን ስዘጋ ሉባባ ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ በሩ ኋላ ያለውን አንሶላ ታያለች።

"አንተ ሙሄ፣ ያ ወንበር እንግዳ ነው እንዴ? ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ እግሩን እንኳ አላጠብንለትም።"

"እዚያ ላይ ከተቀመጥኩ አልነሳም።"

"ማን አለህ?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"እኔ ልንገርህ ማን እንዳለህ። ያ የሣልከው ሰውዬ ነው። እኔ እናቴ ስትሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀስኩትን ሴትዮ ግድግዳ ላይ እንባዬን አንጠልጥለህ አቆምከኝ። ይሁን፣ ቀለም ነው አልኩ። አሁን ግን በቁሜ እውነት ልታደርገው ነው።"

ያም ሆኖ አንሶላውን አልገፈፍኩትም።

በማግሥቱ ሹፌሩና አንድ ጎረቤት እንደ ልማዴ ተሸክመው ወሰዱኝ፤ ሉባባም ወገቧን ይዛ ተከተለች። አግዳሚው ላይ ሲያኖሩኝ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ካርቶኖቹ የሉም። የጽዳት ዘመቻ ተደርጎ በረንዳው ተጠርጓል። ሲቲና ግድግዳው ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ ታነባለች።

"ሙ… ሄ… አርት" አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። "አንተ ስምህ ማን ነው?"

"ሙሄ፤ ግን ወሎ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውሪ የምትመቺው ሙሄን ነው።"

"አሶሳ ነው ያለነው።" ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን አንድ በአንድ እየነካች ደወለች።

ኪሴ ጮኸ። የስልኬ ጥሪ ከፍ ያለ ዘፈን ነው፤ በረንዳው ሁሉ ሰማው። አላነሳሁትም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሲቲና ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኔን እያየች፣ ጠበቀች።

"አያነሳም" አለች ለሉባባ።

"ሥራ በዝቶበት ነው" አለች ሉባባ።

ሁለቱ የሳቁት ሳቅ እስከ ክትባት ክፍል ደርሶ ሕፃናት አስለቅሷል። ሲቲና ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። ወደ ግድግዳው አሻቅባ፣ ወደ እኔ ዝቅ ብላ አየች።

"አንተ ስለዚህ ነው ዊልቸር የሌለህ?"

"አለው፤ አንሶላ አልብሶታል" አለች ሉባባ።

"ብርድ ልብስ አነሰው?" ሲቲና ራሷን ነቀነቀች። "ኻላስ፣ በቃ። ነገ በወንበርህ ትመጣለህ። ካልመጣህ ይሄን ቁጥር ዊልቸር ላለው ሰው ሁሉ እሰጣለሁ። ሁሉም ይደውላል።"

ብዙ ዛቻ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያስፈራኝ የለም። ማታ ሉባባ አንሶላውን ገፈፈችው።

በማግሥቱ ከቤት እስከ አስፋልቱ ያለችው ቀይ አፈር መንገድ አገር አቋራጭ ሆነችብኝ። ወደ ቀኝ ስል ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ስል ወደ አንድ ሰውዬ ዶሮ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለችውን እርከን በፊት ለፊት ልወጣት ሞክሬ ወደ ኋላ ተገለበጥኩ፤ ሰማይ አየሁ፣ ከሰማዩ ሥር የሲቲናን ፊት።

"ሞትክ?"

"ገና ነኝ።"

"ጥሩ። እርከን በፊት አይወጣም። ዞረህ በኋላ ትወጣለህ፣ ትልቁ ጎማ መጀመሪያ። ቁልቁለት ላይ ቀለበቱን አትልቀቅ፣ በመዳፍህ ቀስ ብለህ ያዝ። ሰው ሊገፋህ ሲመጣ ደግሞ ፍሬን ያዝ፣ ያኔ ሰውዬው ራሱ ይጠይቃል።"

ሁለተኛ ሞከርኩ። በጀርባዬ ወጣሁ። በራሴ እጅ ክፍሉ በር ድረስ ሄድኩ፣ ሲስተሯ ፊት ክኒኔን ዋጥኩ፣ በራሴ እጅ ተመለስኩ። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ያስቀመጠኝ ቦታ ብቻ ነበር የምቀመጠው። ያን ቀን ሳያስፈልገኝ ላቦራቶሪውን ዞርኩ፣ ሽንት ቤቱን ዞርኩ፣ ማንጎ ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ስንመለስ ሉባባ ከኋላዬ ሳይሆን ከጎኔ ትሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ባዶ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸውና፣ "እነዚህን ምን ላድርጋቸው?" አለች። ጎን ለጎን ከሄድን ስንት ጊዜ ሆኖን ኖሯል።

ክኒኑን በየዕለቱ እዚያ መዋጥ ሲያበቃና በወር አንዴ ብቻ ና ስባል፣ እኔ በየቀኑ መሄዴን አላቆምኩም። ሲስተሯን አስፈቅጄ ግድግዳውን ጀመርኩ። ጽሑፉ እንዳለ ቀረ፤ አልደርስበትም፣ ደግሞም ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ከወንበሬ ላይ እጄ የሚደርስበትን ሁሉ ግን ነጭ ቀባሁ። ሰውዬውን ብርድ ልብሱን ገፍፌ ሸኘሁት። ከሰል በተቀባው ገመድ ካሬ ስመታ ካላንደር አልነበረኝም፤ ፊቴ ሲቲና ነበረች፣ ካርካዴዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እያዘዘችኝ።

"አንገቴን አትድፋ።"

"እሺ።"

"ትንንሹን ጎማ አትርሳ።"

"ሣልኩት።"

"አንድ ብቻ ነው የሣልከው።"

እግሯ ሳምንት ፈጀብኝ። አንዱ ከአንዱ ይቀጥናል፣ ፕላስቲክ ጫማዋ ሰማያዊ ነው፣ ግራው ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። አምስቴ አጥፍቼ ስድስተኛው ላይ ገጠመልኝ። ለዚህ ኖሯል ያን ሁሉ ዓመት በብርድ ልብስ ስሸፍን የኖርኩት። ሉባባ ደግሞ "እኔን አጥፋኝ" ብላ ነበር። አላጠፋኋትም፤ እንባዋን ጠርጌ ካርካዴ ገዢ አደረግኳት፣ ወገቧን ይዛ "ጨምሪበት" ስትል። ያየ ሁሉ ቁርጥ እሷን ነው ይላል። ስታለቅስ ለምን እንዳልመሰለች ያኔ ገባኝ።

በአምስተኛው ወር የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ሉባባ ናት ያየችው፤ "ዝንብ ነው?" አለች። ዝንብ አልነበረም። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ጉልበቴ። በቀርከሃ በተሠሩልኝ ሁለት መደገፊያ መሀል እንደ ሕፃን ተለማመድኩ። በዘጠነኛው ወር በምርኩዝ ቆምኩ። ክኒኔን እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር አንድም ቀን ሳልዘል ጨረስኩ። ዶክተሯ ቃል አልገባችልኝም ነበር፤ እኔም ለማንም ቃል አልገባም። አዲስ አበባ በዚያው ወር ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ የነበረ፣ ከእኔ የተሻለ ሰው፣ ክኒኑን ጨርሶ ድኗል፣ እግሩ ግን አልተመለሰለትም። ቶሎ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው።

ሥዕሉ ወራት ፈጅቶ ያለቀ ቀን በምርኩዜ ቆሜ አየሁት። ሲስተሯ ወጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ደስ ብሏታል።

"ጋሽ ሙሄ፣ ከጎኑ ቦታ አለ። እርስዎ እንዲህ ቆመው ሲሄዱ እያየን አንድ ይጨምሩልን። መጀመሪያ ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ፣ ቀጥሎ ብድግ ስትል፣ ከዚያ ወንበሩን ትታ ስትሄድ። ለታካሚ ተስፋ ይሰጣል።"

እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡን ወደድኩት። ብድግ የሚለው እኔ እሆናለሁ፣ ጢም እጨምራለሁ፣ ጸጉርም ትንሽ። የመሳያ ከሰሌን ከኪሴ አወጣሁ።

"ሲስተር" አለች ሲቲና ከኋላችን። "እኔ አልተነሳሁም።"

ሲስተሯ ዞረች።

"ሠላሳ ዓመት አልተነሳሁም። ካርካዴ ሸጥኩ። ሦስት ልጅ አስተማርኩ። ይሄን ሰውዬ ዊልቸር አስተማርኩ፣ ክኒኑን እንዲውጥ። ለታካሚ ተስፋ የሚሰጠው የሚነሳው ብቻ ከሆነ፣ እኔ እዚህ ግድግዳ ላይ ምን አደርጋለሁ?"

ሲስተሯ ሥዕሉን አየች፣ ሲቲናን አየች፣ ጋዋኗን አስተካከለች። "ትክክል ነሽ። ይቅር፣ ጋሽ ሙሄ" አለች። ከሰሌን ወደ ኪሴ መለስኩ፤ ጢሜንም አብሬ።

ሲቲና ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ጎማዎቹን ቆጠረች፣ አራት። ቀለበቱን በጣቷ ዞረችው። ከዚያ ምላሷን ጠቅ አደረገች።

"አንድ ስህተት ቀርቷል።"

"ደግሞ ምን?"

"እጄ። ግድግዳው ላይ ንጹሕ ነው።" መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። የጎማ ጥቁረት፣ የአሶሳ ቀይ አፈር፣ የሠላሳ ዓመት ጠባሳ። "ይሄ እጅ አይታጠብም ማለት አይደለም። ታጥቦም አይለቅም።"

የራሴን መዳፍ አየሁ። የእኔም ጠቁሮ ነበር፤ ሳሙና አልበግረው ብሎ ሉባባ ምግብ ላይ ትቆጣኝ ነበር። ከቆምኩ ወዲህ ግን ሳላውቀው ጠርቷል። ብሩሽ አላነሳሁም። ምርኩዜን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ በወንበሯ እጀታ ተደግፌ ጎንበስ አልኩና፣ "ይፈቀድልኛል?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ጠየቀ" አለች ለሲስተሯ። "ፈቅጃለሁ።"

መዳፌን ጎማዋና ቀለበቱ ላይ አሸሁት፣ እስኪጠቁር። ከዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ የተሣለችው ሲቲና እጅ ላይ ጫንኩት። አንዴ፣ ሁለቴ። አፈሩ ገባ፣ ጥቁረቱ ገባ።

ሲቲና አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

"ኻላስ" አለች። "አሁን ይሄዳል።"

ከዚያ በር ላይ ያቺን ፍየል አየቻት፤ ካርካዴው ጋ ልትደርስ ነው። ወንበሯን ባለችበት አዙራ ፈትለክ አለች። እኔም ልረዳት ምርኩዜን ይዤ ተከተልኳት። አልደረስኩባትም።